የፊት ብጉርና የሚተወው ጥቁር ነጥብ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ነዋሪ የተዘጋጀ የ12 ሳምንት ዝርዝር መመሪያ

ፊቱ ብጉር የበዛበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ፊቱን ችላ በማለቱ ሳይሆን ፋታ በመንሳቱ ነው። ሰኞ በሎሚ ያሸዋል፤ ረቡዕ የጥርስ ሳሙና ይለጥፍበታል፤ ዓርብ ከጎረቤት የተገኘ ክሬም ይደርብበታል፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደግሞ «አልሠራልኝም» ብሎ ሁሉንም እርግፍ አድርጎ ይተዋል። ዛሬ የወጣ ብጉር ግን ከቆዳ ሥር መጠንሰስ የጀመረው ከሳምንታት በፊት፣ አንዳንዴም ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ማንኛውም ጥሩ መድኃኒት ቢያንስ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳይሞላው ሊመዘን አይችልም። ስለዚህ የሚከተሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ይያዙ፤ ሁለት አዲስ ነገሮችንም በአንድ ሳምንት ውስጥ አይጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ፊትዎ ላይ የወጣው ምን እንደሆነ ይለዩ

ፊትዎን በውሃ ብቻ ታጥበው፣ መስታወት ይዘው ወደ መስኮት ይጠጉ። ጥቁር ወይም ነጭ ራስ ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች፣ ሲነኩ የሚያሙ እብጠቶችና መግል የቋጠሩ ቅላቶች ተቀላቅለው ካዩ፣ ያለብዎት ብጉር ነው። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ መስሎ ስለሚታይ ቀይ ነገር ብቻ አይፈልጉ። ጥቁር ራስ ያለውን ቆሻሻ ነው ብለው አይፈትጉት፤ በቀዳዳው አፍ የተጠራቀመው ቅባትና የሞተ ቆዳ አየር ሲያገኘው ስለሚጠቁር እንጂ ካለመታጠብ የመጣ አይደለም።

መጠናቸው አንድ ዓይነት የሆኑ፣ የሚያሳክኩ፣ ግንባር፣ ደረትና ጀርባ ላይ በብዛት የወጡ ጥቃቅን ሽፍታዎች ግን ሌላ ነገር ሊሆኑ ይችላሉ። ላብ በሚበዛበት አካባቢ በፀጉር ቀዳዳ ውስጥ የሚራባ ፈንገስ ይህን መሰል ሽፍታ ያስከትላል፤ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ደግሞ ይብስ ያባብሰዋል። በሁለቱም ጉንጭ ላይ ተመሳስሎ የተዘረጋ ቡናማ ጥላ ማድያት ነው፤ ከእርግዝና ወይም ከወሊድ መከላከያ ጋር ሊመጣ ይችላል፤ ብጉር ስላልሆነ ያለ ሐኪም ምክር በብጉር መድኃኒት ለማከም አይሞክሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ያልዳነ አንድ ቁስል ወይም እብጠት ፊት ላይ ካለ ቁንጭር የተባለው የቆዳ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ ነጣ ብሎ ስሜት ያጣ የቆዳ ክፍል ካለም የሥጋ ደዌ ምርመራ ስለሚያስፈልገው፣ ይህን መመሪያ ትተው በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ለሥጋ ደዌ የሚሰጠው መድኃኒት ነፃ ነው፤ ቶሎ የተጀመረ ሕክምናም አካልን ከጉዳት ያድናል።

ደረጃ 2፦ ጎጂውን ያቁሙ

ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ይህን ደረጃ ይፈጽሙ። ለብዙ ሰው ግማሹ መፍትሔ እዚሁ ላይ ነው።

ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አልኮል፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ በስኳርና በጨው መፈተግ በሙሉ ይቁሙ። የሎሚ ጭማቂ አሲድነቱ ከጤናማ ቆዳ አሲድነት እጅግ የበረታ ከመሆኑም በላይ፣ ተቀብተው ፀሐይ ላይ ሲወጡ ቆዳን አቃጥሎ ለወራት የማይለቅ ጠባሳ መሰል ጥቁረት ይተዋል። ቀሲል (በውሃ ተበጥብጦ ፊት ላይ የሚቀባውን የቅጠል ዱቄት) ለሚጠቀሙ ሰዎች ግን ምክሬ ለዘብ ያለ ነው፤ ቆዳዎን የማያሳክክዎ ከሆነ በሳምንት አንድ ቀን በውሃ ብቻ በጥብጠው፣ ሳይደርቅ ቢያጥቡት ችግር የለውም። ሎሚ ወይም እርጎ አይጨምሩበት፤ ደርቆ ሲሰነጣጠቅም በእጅ ፈትገው አያራግፉት።

ፀጉር ላይ የሚደረግ ቅቤና ዘይት በድሬዳዋ ሙቀት ቀልጦ ወደ ግንባር ይወርዳል። በፀጉር መነሻ መስመርና በጆሮ ግንድ አጠገብ ብቻ ተሰልፈው የሚወጡ ጥቃቅን እብጠቶች ካሉብዎት ተጠያቂው ይኸው ሊሆን ይችላል። ቅቤውን መተው ካልፈለጉ ከፀጉሩ መሐልና ከጫፉ አያሳልፉት፤ ሌሊት በሻሽ ጠቅልለው ይተኙ፤ ሻሹንና የትራስ ልብሱን ቶሎ ቶሎ ያጥቡ።

ከሁሉ የከፋው «ፊት ያጠራል» ተብሎ የሚሸጠው ቅልቅል ክሬም ነው። ገበያ ላይ በትንንሽ ዕቃ ተሞልቶ፣ ስምም ሆነ የተመረተበት ቀን ሳይጻፍበት ይሸጣል። በውስጡ ከሚገኙት ነገሮች መካከል ሦስቱን በስማቸው ይወቋቸው፦ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የመሳሰሉ ስቴሮይዶች፣ ሃይድሮኪኖንና ሜርኩሪ ናቸው። ስቴሮይድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን በእርግጥም ያጠራል፤ ቆይቶ ግን ቆዳን ያሳሳል፣ ደም ሥሮችን ያጋልጣል፣ ራሱ ብጉር ያወጣል። ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲቀባ በጉንጭ አጥንት ላይ ሰማያዊ የሚመስል ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ ዓይነቱ ጥቁረት ከመጣ በኋላ ማስለቀቁ እጅግ ከባድ ነው። ሜርኩሪ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ ክሬሙን ከተቀባች እናት እጅና ፎጣም ወደ ልጆቿ ይተላለፋል። ማሸጊያው ላይ «ወርቅና ብር አያስነኩ» የሚል ማሳሰቢያ ካነበቡ ወይም «ካሎሜል» የሚል ቃል ካገኙ ክሬሙን አይግዙት፤ ማሳሰቢያው የሚጻፈው ሜርኩሪ ከጌጣጌጥ ብረት ጋር ስለሚዋሃድ ነው፤ ካሎሜልም የሜርኩሪ ውሁድ ስም ነው።

ክሬሙን ከአንድ ወር በላይ ሲቀቡ ከቆዩስ? በአንድ ጊዜ ሲያቆሙ ፊት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊቃጠል፣ ሊያብጥና ብጉር ሊያፈላ ይችላል። ብዙዎች በዚህ ደንግጠው ወደ ክሬሙ ይመለሳሉ፤ ከአዙሪቱም መውጣት ያቅታቸዋል። ስለዚህ የክሬሙን ዕቃ ይዘው ሐኪም ያማክሩ፤ ሐኪሙ ስቴሮይዱን ቀስ በቀስ የሚቀንሱበትን መንገድ ያሳይዎታል። እስከዚያው ድረስ ደረጃ 7ን አይጀምሩ።

ደረጃ 3፦ ዕቃዎን ያሰናዱ

የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው፦ ሽቶ የሌለው ለስላሳ የፊት መታጠቢያ፣ ቀለል ያለ ማለስለሻ ክሬም፣ መከላከያ መጠኑ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም፣ አንድ የብጉር መድኃኒትና ለፊት ብቻ የሚሆኑ ሁለት ትንንሽ ነጭ ፎጣዎች። ፎጣዎቹ ነጭ እንዲሆኑ ያልኩት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የተባለው መድኃኒት ባለቀለም ጨርቅን ስለሚያነጣ ነው። ገንዘብ ካጠረዎ መጀመሪያ መታጠቢያውንና ማለስለሻውን ይግዙ፤ መድኃኒቱን ደረጃ 7 ላይ ሲደርሱ ይጨምሩ።

ዕቃ ሲገዙ ማሸጊያው ያልተከፈተ መሆኑን፣ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑንና የአምራቹ ስም መኖሩን ያረጋግጡ። ፀሐይ በቀጥታ ከሚያርፍበት መደርደሪያ አይግዙ። አብዛኛው መድኃኒት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በላይ እንዳይቀመጥ ማሸጊያው ያዝዛል፤ የድሬዳዋ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ቀን ላይ 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ፍሪጅ ካለዎት በሩ ላይ ያስቀምጡት፤ ከሌለዎት በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ የሸክላ ዕቃ አጠገብ፣ በጥላ ውስጥ ያኑሩት። ባጃጅ ወይም መኪና ውስጥ አይተዉት።

ከዚያ የቆዳ ሙከራ ያድርጉ። አዲሱን ነገር ከጆሮዎ ጀርባ ወይም በክርንዎ መታጠፊያ ላይ ለሦስት ተከታታይ ማታዎች በጥቂቱ ይቀቡ። ካሳከከዎት፣ ካበጠ ወይም ውሃ ከቋጠረ ፊትዎ ላይ አያድርጉት።

ደረጃ 4፦ ፊትዎን በትክክል ይታጠቡ

የድሬዳዋ ውሃ ካልሲየም የበዛበት በመሆኑ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ተራ ሳሙና ከዚህ ካልሲየም ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆንና ቆዳ ላይ ይቀራል፤ ታጥበው ሲጨርሱ ፊትዎ የሚወጠረውና የሚያሳክክዎ በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። የሳሙና ባሕርይ አልካላይ ሲሆን የጤናማ ቆዳ ግን ጥቂት አሲዳማ ነው። ስለዚህ የልብስ ሳሙናም ሆነ ጠንካራ የገላ ሳሙና ለፊት አይሆንም። የድኝ ሳሙና ለብጉር ጥቂት የሚረዳ ቢሆንም እጅግ ያደርቃል፤ ከተጠቀሙበት በሳምንት ከሁለት ቀን አያስበልጡት።

ሀ. እጅዎን አስቀድመው ይታጠቡ።
ለ. ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ ፊትዎን ያርጥቡ። ከሮቶ በቀትር የሚወርደው ውሃ የሚያቃጥል ከሆነ ቀድተው እስኪበርድ ይጠብቁ።
ሐ. መታጠቢያውን በጣትዎ ጫፍ ብቻ፣ ሳይጫኑ፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያዟዙሩ። የገላ መፈተጊያ ፊት ላይ አያሳርፉ።
መ. ቢያንስ አሥር እፍኝ ውሃ እያፈሰሱ ያለቅልቁ። የፀጉር መነሻና የአገጭ ሥር አይረሱ።
ሠ. በፎጣው ነካ ነካ እያደረጉ ያድርቁ፤ አይሹት።

በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ አንዱ የግድ ማታ ይሁን። በቀትር ላብ ከመጣ ውሃ ብቻ ያፍሱበት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት። ለሶላት አዘውትረው ውዱእ የሚያደርጉ ሰዎች የሚታጠቡት በውሃ ብቻ ስለሆነ ቆዳቸውን አይጎዱም፤ ነገር ግን የቀኑ ውዱእ የፀሐይ ክሬሙን ስለሚያጥበው ከዚያ በኋላ ደግመው መቀባት ይኖርባቸዋል።

ካልተሳካ፦ መታጠቢያውን ቀይረውም ፊትዎ ከተወጠረ ችግሩ ውሃው ሊሆን ይችላል። አንድ ሊትር ውሃ ለአሥር ደቂቃ ያህል አፍሉና ከድነው ያሳድሩት፤ ጠዋት ሳይነቀንቁ የላይኛውን ጥሩ ውሃ ብቻ ቀድተው ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ይጠቀሙበት። ሲፈላ ከካልሲየሙ ከፊሉ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ከታች ይቀራል። ሐረር ውስጥ ውሃ በጀሪካን ለሚያጠራቅሙ ሰዎች ደግሞ ዋናው ነገር የጀሪካኑ ንጽሕና ነው፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ከተሟለጨ በውስጡ ያለውን ውሃ ለፊት አይጠቀሙበት።

ደረጃ 5፦ ማለስለሻ ይቀቡ

ቅባታም ፊት ማለስለሻ አያስፈልገውም የሚለው አባባል ስሕተት ነው። የብጉር መድኃኒት ያደርቃል፤ የደረቀ ቆዳ መድኃኒቱን አይችለውም፤ ሰውም መድኃኒቱን የሚያቋርጠው በዚሁ የተነሣ ነው። ፊትዎ ጥቂት እርጥበት እያለው በስሱ ይቀቡ። ግሊሰሪን ያለበት ቀለል ያለ ክሬም ይስማማል። የኮኮናት ዘይትና ቅቤ ብጉር ላለበት ፊት አይሁኑ። ቫዝሊን ቀዳዳን የሚደፍን ባይሆንም በድሬዳዋ ሙቀት ላብን ስለሚያፍን ለከንፈርና ለተሰነጠቀ ቦታ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ሐረር ላይ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ማታ በስሱ ቢቀቡት አይከፋም።

ደረጃ 6፦ ከፀሐይ ይከላከሉ

ጥቁር ነጥብ እንዳይለቅ የሚያደርገው ዋናው ነገር ፀሐይ ነው። ቆዳዬ ጠይም ስለሆነ አያስፈልገኝም ማለት ለመቃጠል እውነትነት ቢኖረውም ለጥቁር ነጥብ አይሠራም፤ እንዲያውም ጠይም ቆዳ ቀለም አመንጪ ሕዋሳቱ ንቁ ስለሆኑ የብጉሩ ምልክት ጠልቆ ይቀርበታል። ባጃጅ የሚነዳ ሰው ክፍት በሆነው ጎን ያለው ጉንጩ ከሌላው ጠቁሮ ቢያይ ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ጠዋት ከማለስለሻው በኋላ፣ ከመውጣትዎ ከ15 ደቂቃ በፊት፣ በሌባ ጣትዎና በመሐል ጣትዎ ርዝመት ልክ ሁለት መስመር ክሬም አውጥተው ፊትዎንና አንገትዎን ይቀቡ። ብዙ ሰው ይህን መጠን አይቀባም፤ ግማሹን የቀባ ሰው ግን ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መከላከያ አያገኝም። ውጭ ከዋሉ በየ2 ሰዓቱ፣ ብዙ ካላበዎትም ከዚያ ቀደም ብለው ይድገሙ። አንዳንዱ ክሬም ጠይም ፊት ላይ አመድ የተነሰነሰ ያስመስላል፤ ቀለም የተቀላቀለበትንና አይረን ኦክሳይድ ያለበትን ከመረጡ ይህ ይቀርልዎታል፤ ከዚህም ሌላ ጥቁረትን የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃን ጭምር ይከላከላል።

ክሬሙን መግዛት ካልቻሉ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለውን ፀሐይ ይሽሹ። ድሬዳዋ ብዙ ሱቆች ቀትር ላይ የሚዘጉባት ከተማ ስለሆነች የገበያ ጉዳይዎን በማለዳ ወይም ወደ ማታ ማድረግ አይከብድም። ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ፣ ጃንጥላና ፊትን ጥላ የሚያሳርፍ ሻሽ በስሱ ከተቀባ ክሬም የተሻለ ይጠቅማሉ።

ደረጃ 7፦ የብጉር መድኃኒቱን ይጀምሩ

ከደረጃ 4 እስከ 6 ያለውን ለሁለት ሳምንት ካደረጉና ፊትዎ መቆጣት ካቆመ ብቻ ወደዚህ ይለፉ። ከሚከተሉት አንዱን ይምረጡ።

ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ መግል ለያዘና ለቀላ ብጉር ይሆናል። የ2.5 ከመቶ ጥንካሬ ያለው ከ5 እና ከ10 ከመቶው ጋር የሚቀራረብ ውጤት እየሰጠ የሚያቃጥለው ግን ያነሰ ስለሆነ ትልቁን ቁጥር አይመኙ። አዳፓሊን 0.1 ከመቶ ጥቁርና ነጭ ራስ ለበዛበት ፊት ይሻላል፤ ጥቁር ነጥቡንም ይረዳል። አዜላይክ አሲድ ብጉርና ጥቁረት አብረው ላሉበት ፊት ጥሩ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ አዳፓሊንንና የእሱ ወገን የሆነውን ትሬቲኖይን አይጠቀሙ፤ አዜላይክ አሲድን ግን ሐኪም አማክረው መጠቀም ይችላሉ።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ማታ ታጥበው ፊትዎ ፈጽሞ እስኪደርቅ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቆዩ፤ እርጥብ ቆዳ መድኃኒቱን በብዛት ስለሚስብ ያቃጥላል። ለመላው ፊት አንድ የአተር ፍሬ የሚያህል መጠን ብቻ ያውጡ። በግንባር፣ በሁለቱ ጉንጮችና በአገጭ ላይ ነጥብ ነጥብ አድርገው፣ ከዓይን፣ ከአፍንጫ ሥርና ከከንፈር ማዕዘን ርቀው ያዳርሱት። ብጉሩ ላይ ብቻ መለጠፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ መድኃኒቱ የሚፈለገው ገና ያልታየውን እንዲከላከል ነውና ብጉር የሚወጣበትን አካባቢ በሙሉ ይሸፍኑ። በመጨረሻ ማለስለሻ ይደርቡ።

በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ማታ፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው አንድ ማታ እየዘለሉ፣ ከዚያ ፊትዎ ከቻለው በየማታው ይቀቡ። አዳፓሊን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብጉሩን የሚያባብስ ሊመስል ይችላል፤ የሚጠበቅ ስለሆነ አይደንግጡ። በየሁለት ሳምንቱ በተመሳሳይ መስኮትና ሰዓት ፎቶ ይነሡ፤ ዕለት ዕለት በመስታወት የሚደረግ ፍለጋ ለውጡን አያሳይም።

ካልተሳካ፦ ፊትዎ ከተላጠና ከተቃጠለ መድኃኒቱን ለአራት ወይም ለአምስት ቀን አቁመው በማለስለሻ ብቻ ይቆዩ፤ ከዚያ በሳምንት ሁለት ማታ ይመለሱ። አሁንም ካቃጠለ ማለስለሻውን ከመድኃኒቱ በፊት ይቀቡ፤ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከሆነም ለአምስት ደቂቃ አቆይተው ይታጠቡት። ዓይንና ከንፈር ካበጠ ግን አለርጂ ስለሆነ ፈጽመው ያቁሙና ሕክምና ያግኙ። ክሊንዳማይሲን የተባለውን ቅባት ለብቻው ለወራት አይቀቡ፤ ባክቴሪያው ስለሚለምደው ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ነው የሚታዘዘው። ዶክሲሳይክሊን የተባለውን የሚዋጥ ፀረ ባክቴሪያም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይግዙ።

ደረጃ 8፦ ነገ ሰርግ ካለብዎትና ዛሬ ብጉር ከወጣ

አያፍርጡት። በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለአምስት ደቂቃ ያህል ያሳርፉበት፤ እብጠቱና ሕመሙ ይቀንሳል። ከዚያ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ በጥቂቱ ነካ ያድርጉበት። ራሱ ከፈረጠ በውሃ አጥበው ቫዝሊን በስሱ ቀብተው ይሸፍኑት፤ ቅርፊቱን አይላጡ። በጥፍር የተጨመቀ ብጉር መግሉ ወደ ውጭ የወጣውን ያህል ወደ ውስጥም ይገፋል፤ ለሰርጉ ብለው የጨመቁት አንድ ብጉር ከሰርጉ በኋላ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ነጥብ ሊተካ ይችላል።

ጢም ለሚላጩ ወንዶች ጥቂት ልጨምር። በአገጭ ሥርና በማጅራት የሚወጣው ሽፍታ ብዙውን ጊዜ ብጉር ሳይሆን ተጠምዝዞ ወደ ቆዳ የተመለሰ ፀጉር ነው። ፀጉር ቆራጩ ማሽኑን ሥር ድረስ እንዳያስገባው፣ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እንዲያስቀር ይንገሩት፤ ከፀጉሩ አበቃቀል በተቃራኒ አያስላጩ፤ ምላጩ አዲስ ይሁን።

ደረጃ 9፦ ጥቁር ነጥቡን ያቅልሉ

አዲስ ብጉር መውጣት ካላቆመ ይህን አይጀምሩ፤ የድሮውን ሲያጠሩ አዲሱ ይተካል። ብጉሩ ከረገበ በኋላ አብዛኛው ነጥብ ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ራሱ ይደበዝዛል። አዳፓሊን ወይም አዜላይክ አሲድ ያፋጥነዋል፤ የፀሐይ መከላከያ ከሌለ ግን ሁለቱም ዋጋ የላቸውም። ነጥብ ጠፍጣፋ ነው። በጣት ሲዳሰስ ጎድጎድ ያለ ወይም ጎርበጥ ያለ ከሆነ ጠባሳ ስለሆነ በክሬም አይለቅም።

ምግብን በተመለከተ በጥናት ከብጉር ጋር ግንኙነት የታየባቸው ስኳር የበዛበት ነገርና ወተት ናቸው። ለስላሳ መጠጥና ሐላዋ ለ12 ሳምንት ቀንሰው ልዩነቱን ይመልከቱ። በርበሬን መተው አያስፈልግዎትም።

ደረጃ 10፦ ወደ ሐኪም የሚሄዱበት ጊዜ

12 ሳምንት በትክክል ተጠቅመው ለውጥ ካላዩ፣ ከቆዳ ሥር ጠልቀው የሚያሙ እብጠቶች ካሉ፣ ጠባሳ መተው ከጀመረ፣ ወይም ሴት ሆነው የወር አበባዎ ከተዛባና አገጭዎ ላይ ፀጉር ከበዛ ጊዜ አያባክኑ። ከብጉር ጋር ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣ በዚያው ቀን ይሂዱ። ድሬዳዋ ያሉ በድል ጮራ፣ ሐረር ያሉ በሕይወት ፋና ሆስፒታል የተመላላሽ ክፍል ጀምረው የቆዳ ሐኪም ሪፈር ይጠይቁ። ሐኪሙ ለከባድ ብጉር የሚዋጠውን አይሶትሬቲኖይን ካዘዘልዎት መድኃኒቱ ፅንስን በከባድ ሁኔታ ስለሚጎዳ እየወሰዱ ሳለና ካቆሙም በኋላ ቢያንስ ለአንድ ወር ማርገዝ አይፈቀድም።

በቀጠሮው ቀን ሜካፕ ሳይቀቡ ይሂዱ። ያነሡትን ፎቶ፣ የሚውጡትን መድኃኒት ስምና የተቀቡትን ሁሉ ዕቃ በፌስታል ይዘው ይቅረቡ፤ ስም ያልተጻፈበትን ትንሿን ዕቃ ጭምር አያስቀሩ፤ ለሐኪሙ ከሁሉ በላይ የሚነግረው እሱ ነውና።